ከየትኛው ዋና ጋር? የቢትልስ ትሪቢዩት ባንዶችና የመመሳሰል መለኪያ

ትሪቢዩት ባንድ የሚባለው የአንድን ታዋቂ የሙዚቃ ቡድን ሥራዎች በድምፅ ብቻ ሳይሆን በአለባበስና በእንቅስቃሴም አስመስሎ የሚያቀርብ ቡድን ነው። እንዲህ ያለ ባንድ በቴሌቪዥን ሲታይ ተመልካች አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚመስል ነው። ንጽጽሩ ከምን ጋር እንደሆነ ካልተወሰነ ግን ጥያቄው መልስ የለውም። ለዚህ የቢትልስ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ቡድኑ በ1970 ተበተነ (ዘመናቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1980 ለንደን ውስጥ «ቢትልማኒያ» በተባለው የመድረክ ትርኢት ይሠሩ ከነበሩ ሰዎች ቡትሌግ ቢትልስ ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ባንዶች በየአገሩ በርክተዋል።

የመጀመሪያው ዋና የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ራሱ ነው። ቢትልስ የካቲት 9 ቀን 1964 በአሜሪካው የኤድ ሱሊቫን ትርኢት ሲቀርብ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቶታል። ይህን ምስል መድገም ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ ሙሉ ልብሱም የፀጉሩ አቆራረጥም ይታወቃል። ሆኖም ፖል ማካርትኒ ግራኝ በመሆኑ ከጆርጅ ሃሪሰን ጋር በአንድ ማይክሮፎን ሲዘፍን የጊታሮቻቸው አንገቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ ቀኘኛ ተጫዋች በቦታው ቢቆም ሥዕሉ ይፈርሳል። በአዳራሽ ከሩቅ ለተቀመጠ ሰው ይህ ብዙ ላይከብድ ይችላል፤ ካሜራ ግን እጅን አቅርቦ ያሳያል። ስለዚህም በግራ እጅ መጫወትን እንደ አዲስ የተማሩ አስመሳዮች አሉ።

በዚያው ሥርጭት የጆን ሌነን ማይክሮፎን ዝቅ ብሎ ስለነበር ድምፁ በሚገባ አልተሰማም። ይህን ጉድለት ሳይቀር የሚደግም ባንድ ለታሪክ ታማኝ ቢሆንም፣ ተመልካቹ ደካማ ነው ብሎ መፍረዱ አይቀርም፤ ጆሮው የለመደው ሥርጭቱን ሳይሆን ሸክላውን ነውና።

ሁለተኛው ዋና ሸክላው ሲሆን፣ ችግሩ የሚጠልቀውም እዚህ ላይ ነው። ቢትልስ ትኬት የተሸጠበትን የመጨረሻ ኮንሰርት ነሐሴ 29 ቀን 1966 በሳን ፍራንሲስኮ አቀረበ። የ1967ቱን «ሳጅን ፔፐር» አልበም ዘፈኖች በኮንሰርት መድረክ አልተጫወታቸውም። «ስትሮውቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» የተሠራው በፍጥነትም በቃናም የሚለያዩ ሁለት ቀረጻዎችን በማገናኘት ነው። ጆርጅ ማርቲንና የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ የቴፑን ፍጥነት በማስተካከል አጋጠሟቸው፤ በሁለተኛው ክፍል የሚሰማው የሌነን ድምፅም ቴፑ ዝግ በማለቱ የወፈረ ነው። በዚያው በ1966 ኬን ታውንሴንድ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ አንድን ድምፅ በሁለተኛ ቴፕ በጥቂቱ አዘግይቶ የሚደርብ ዘዴ ፈጥሯል፤ ሌነን መስመሩን ሁለት ጊዜ ከመዝፈን የገላገለው ይህ ነበር።

እንግዲህ ይህን ዘፈን በቀጥታ የሚያቀርብ አስመሳይ በጉሮሮው የሚከተለው ከማንም ጉሮሮ እንዳለ ያልወጣን ድምፅ ነው። ሥራው ቅጂ ከመሆን ይልቅ ለስቱዲዮ ብቻ የተዘጋጀን ድርሰት ለመድረክ ወደ መተርጎም ይቀርባል። በተመልካች ድምፅ የሚዳኙ የቴሌቪዥን የማስመሰል ውድድሮች ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ አንድ ዘፈን፣ አንድ ፍርድ ይበቃቸዋል። አጥኚ ግን የ1964ቱንና የ1967ቱን ዘፈኖች በአንድ የመመሳሰል ነጥብ ቢለካ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ይደባልቃል። ለቀደሙት መለኪያው የቀጥታ ትርኢቱ፣ ለኋለኞቹ ደግሞ ሸክላውን ለመድረክ ያበቃው መፍትሔ ሊሆን ይገባል።

ጥር 30 ቀን 1969 በለንደን ጣሪያ ላይ የተቀረጸው ትርኢት ለሁለቱም ያስቸግራል። ቀጥታ ነው፣ በካሜራም ተይዟል፤ ነገር ግን ሌነን «ዶንት ሌት ሚ ዳውን» በተባለው ዘፈን መካከል ግጥሙ ጠፍቶበት ትርጉም የለሽ ቃላት አሰምቷል። ያንን ቀን የሚደግም ባንድ የጠፋውን ግጥም መልሶ መዝፈን ወይም መሳሳቱን አጥንቶ መሳሳት ይኖርበታል።