በኢፍጧር ማዕድ ላይ የጎደለው ሰው

 

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የሙስሊም ቤት ሁሉ ይመሳሰላል። ተምሩ በሰሃን ይቀርባል፤ ሾርባው ይጨለፋል፤ ሳምቡሳው ከዘይት እየወጣ ይደረደራል፤ ልጆች ጆሯቸውን ወደ መስጂዱ አቁመው "አለ! አለ!" ለማለት ይሽቀዳደማሉ። አምና ሞልቶ በነበረው ማዕድ ዙሪያ ዘንድሮ አንድ ቦታ የጎደለባቸው ቤቶች ግን በየሰፈሩ አሉ። ልጇን የቀበረች እናት ሳይታወቃት አንድ ብርጭቆ አብልጣ ታቀርባለች። ለሱሁር ይቀሰቅሳት የነበረው ባሏ የሞተባት ሴት የስልኳን ደወል ሞልታ ትተኛለች፤ ደወሉ ሲጮህ የባሏ አለመኖር እንደገና ትዝ ይላታል።

ሰው ከተቀበረ ወራት አልፈው፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ወደየሥራው ተመልሶ፣ ሐዘኑ በዚህ ወር እንደ አዲስ ይቀሰቀሳል። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሐዘን በዲናችን ምን ቦታ አለው? ያዘነን ሰውስ እንዴት እንደግፈው? መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ኢማም ሆኜ ማገልገል በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ጎረቤታችን ወጣት ልጁን ቀበረ። ለተዕዚያ ቤቱ ተሰብስበን ሳለ አባትየው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ጀመር። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሶብር አድርግ እንጂ! ሙስሊም አይደለህም እንዴ? ለቅሶህ ልጅህን ያስቀጣዋል" አልኩት። ሰውየው ወዲያው ዝም አለ። መልካም ነገር ያስተማርኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለሱብሒ ከመጀመሪያው ሶፍ የማይታጣው ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት መስጂድ አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ሸኽ፣ ቁርኣን ስሰማ እንባዬ ይመጣል። ሳለቅስ ኢማን የለህም እባላለሁ። እቤቴ ሆኜ ባለቅስ ይሻላል ብዬ ነው" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታም ጠየቅሁት። እርሱ በአላህ ውሳኔ ላይ አላመፀም ነበር። በደንብ ያልተረዳሁትን ሐዲስ ይዤ የቆሰለን ሰው ያቆሰልኩት እኔ ነበርኩ።

ሟች በቤተሰቡ ለቅሶ ይቀጣል የሚለውን ሐዲስ ብዙዎቹ ዑለማዎች ያብራሩት ሟቹ ሙሾ እንዲወርድለት ተናዞ ሲሞት ነው ብለው ነው። የምእመናን እናት ዓኢሻም (ረ.ዐ) አንድ ሰው የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም የሚለውን የቁርኣን መመሪያ ጠቅሳ ሐዲሱ በስህተት እንዳይተረጎም ተከራክራለች። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድ፣ በሙሾ መጮህና አላህን መማረር ነው። የዓይን እንባና የልብ ሐዘን ከዚህ ውስጥ አይገቡም።

እንባ ራሕመት ነው

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብራሂም የተባለ ሕፃን ልጅ ነበራቸው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ጡት ሳይጥል ታመመ። የሚያጠባው ሞግዚት ባል አንጥረኛ ስለነበር ቤቱ ጭስ የሞላበት ነበር። ነቢዩ እዚያ ገብተው ልጃቸውን አቀፉት፤ ሳሙት። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ዓይኖቻቸው እንባ አፈሰሱ። አብረዋቸው የነበረው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) እርሳቸውም እንደሚያለቅሱ ሲያይ ተገርሞ ጠየቃቸው። እንባው ራሕመት መሆኑን፣ ዓይን እንደሚያነባና ልብ እንደሚያዝን፣ አንደበታቸው ግን ጌታቸውን የሚያስቆጣ ነገር እንደማይናገር ነገሩት።

ነቢዩ የዕቁብንም (ዐ.ሰ) እናስታውስ። መልካም ትዕግሥትን ገና በመጀመሪያው ቀን የመረጡ ናቸው። ይሁንና በዩሱፍ ናፍቆት ከማዘናቸው የተነሳ ዓይኖቻቸው ነጡ። ልጆቻቸው፣ "ዩሱፍን ከማስታወስ አትወጣም እንዴ?" በሚል መንፈስ ሲቆጧቸው፣ ጭንቀታቸውንና ሐዘናቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደሆነ መለሱላቸው። ቁርኣን እኚህን ነቢይ በማዘናቸው አልወቀሳቸውም። ሶብርና እንባ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ እንማራለን። ያዘነን ሰው "አሁንም ታለቅሳለህ?" የሚል ሰው የሚመስለው የዕቁብን ሳይሆን የዕቁብን ልጆች ነው።

በጀዕፈር ቤት የሆነው

ያዘነን ስለመደገፍ ከነቢያችን ሕይወት ከተላለፉልን ታሪኮች እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ከአገራችን ጋር የተያያዘውን ነው። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ እስልምና የተናገረው የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ነው። ከባለቤቱ ከአስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ጋር በሐበሻ ምድር ብዙ ዓመት ኖሯል። ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉ ልጆቻቸውም የተወለዱት እዚሁ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መዲና ተመለሱ። በዓመቱ፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ጀዕፈር በሙእታ ጦርነት ሸሂድ ሆነ።

ወሬው መዲና በደረሰ ዕለት አስማእ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ባሏን ትጠብቅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወደ ቤቷ ሄዱ። ልጆቹን አስጠርተው አቀፏቸው፤ አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም አነቡ። አስማእ ነገሩ ገባትና ስለ ጀዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቀች። እርሳቸውም ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። እርሷ ስትጮህ ሴቶች ተሰበሰቡ። ነቢዩ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የጀዕፈር ቤተሰብ ሐዘን ስለያዛቸው ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ።

ሦስት ቀን ታገሷቸው። ከዚያ ተመልሰው መጥተው የለቅሶውን መቀመጥ አበቁ፤ ፀጉር አስተካካይ አስጠርተውም የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። እናታቸው አባት አልባ መሆናቸውን ስታነሳ፣ በዱንያም በአኺራም እርሳቸው ኃላፊያቸው ሆነው ሳለ ድህነትን ትፈራላቸው እንደሆነ ጠየቋት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ረጅም ንግግር የለም። መርዶውን በራሳቸው አንደበት ነገሩ፤ አብረው አለቀሱ፤ ምግብ ላኩ፤ ቆይተው ተመለሱ፤ የልጆቹን ነገር ተረከቡ። ከዚህ በላይ የለቅሶ ቤት ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ለቅሶ ቤት ስንሄድ

በሱናው መሠረት ምግብ የሚሠራው ጎረቤት ነው፤ የሚበላው ሐዘንተኛው ነው። በአንዳንድ ሰፈር ግን ነገሩ ተገልብጦ አያለሁ። ባሏን የቀበረች ሴት ለለቀስተኛ ምግብ ስታዘጋጅ ትውላለች፤ ለድንኳኑና ለሰደቃው ተብሎ ቤተሰቡ ብድር ይገባል። ጀሪር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) እንደነገረን ሰሓባዎች ከቀብር በኋላ በሟች ቤት ተሰብስቦ ምግብ ማዘጋጀትን ከተከለከለው ሙሾ ይቆጥሩት ነበር። የየሰፈራችን እድር የተቋቋመው የሐዘንተኛን ጫንቃ ለማቅለል ነውና በዚሁ ዓላማው ይጽና።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰቧ ሰው ሲሞት ለቀስተኞች ከሄዱ በኋላ፣ ለቀሩት የቅርብ ሰዎች "ተልቢና" የሚባል ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ምግብ ታስፈላ ነበር። የሐዘንተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ ሰምታለችና። እኛ አጥሚት ከምንለው ብዙም አይርቅም። በረመዷን ጎረቤታችሁ ሐዘን ላይ ከሆነ ለኢፍጧር ሾርባ ወይም አጥሚት ይዛችሁ ሂዱ። "የምትፈልጉት ነገር ካለ ንገሩን" ብሎ መሄድ ቀላል ነው፤ ሐዘንተኛ ግን የሚፈልገውን አያውቅም፤ ቢያውቅም ለመናገር ያፍራል። "ለነገ ሱሁር እኔ አመጣለሁ" ወይም "ልጆቹን ከመድረሳ እኔ እመልሳቸዋለሁ" በሉት።

ቃላችንም ይመጠን። "አላህ ይዘንለት፤ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ይበቃል። "ቢታከም ኖሮ ይድን ነበር"፣ "ገና ወጣት ነሽ፤ ሌላ ታገቢያለሽ"፣ "ልጅ እኮ ሌላ ይወለዳል" የሚሉ ቃላት ቁስል ላይ እንደተነሰነሰ ጨው ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቃብር ላይ የምታለቅስ ሴት አይተው አላህን እንድትፈራና እንድትታገስ ሲመክሯት፣ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ የእርሷ መከራ እንዳልደረሰባቸው ነግራ ገሸሽ እንዲሉላት ጠየቀች። እርሳቸውም አልተከራከሯትም፤ ትተዋት ሄዱ። በኋላ አውቃቸው ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ፣ ሶብር ማለት መከራው እንደደረሰ ወዲያው የሚደረገው መሆኑን ብቻ አስተማሯት። ሐዘንተኛ ሻካራ ቃል ቢናገረን አንቀየመው።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ

ሴት ልጅ ከባሏ ውጪ ለሞተ ሰው ከሦስት ቀን በላይ ጌጧን ትታ እንዳትቀመጥ ሸሪዓው ወስኗል። ለባሏ ግን ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው። ይህ የሐዘን ሥርዓት ወሰን ነው እንጂ የእንባና የናፍቆት ወሰን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታቸውን በልጅነታቸው ነበር ያጡት፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ መቃብሯን ሲዘይሩ አልቅሰው አብረዋቸው የነበሩትን አስለቅሰዋል። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ከሞተች ዓመታት ካለፉም በኋላ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩ ነበር።

ዒዳ ላይ ያለች ሴት በዚህ ወር ለተራዊሕ አትወጣም፤ ጎረቤቶቿ ወደ መስጂድ ሲጎርፉ እርሷ ቤቷ ትቀራለች። አንዲት እህት ወይም ጎረቤት አብራት ቤት ውስጥ ብትሰግድ ትልቅ ኸይር ነው።

ልጆችንም አንርሳ። "ትንሽ ነው፤ አይገባውም" ብለን የምናልፈው ልጅ ሁሉንም ያያል። አቡ ዑመይር የተባለ ሕፃን ይጫወትበት የነበረ ወፍ ሞቶበት አዝኖ ሲያገኙት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቁልምጫ ስሙ ጠርተው ስለ ወፉ ጠየቁት። ለወፍ ያዘነ ሕፃን እንዲህ ከተጠየቀ አባቱን ያጣማ ምንኛ ሊጠየቅ ይገባው! የአባቱን ስም ከቤት አታጥፉበት። "አባትህ ተምር ሲያድል ትዝ ይልሃል?" በሉት። አባቱ "ሄዷል፤ ይመጣል" ብላችሁም አትዋሹት።

በስደት ያለ ልጃቸው ሞቶ ጀናዛው ያልመጣላቸው ወላጆች ሐዘን ደግሞ የተለየ ነው። አላጠቡም፤ አልቀበሩም፤ የሚዘይሩት መቃብር የላቸውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጃሺ በሐበሻ በሞተ ዕለት መዲና ላይ ሆነው ሞቱን ነግረው፣ ሰሓባዎችን በሶፍ አቁመው በአራት ተክቢራ ሰግደውበታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ይህ የሩቅ ሟች ሶላት ዛሬም ይሰገዳል። እንዲህ ያለ መርዶ የደረሰው ቤተሰብ ካለ የመስጂዱን ኢማም ያነጋግር፤ ጀመዓው ሲሰግድለት የወላጆች ልብ ያርፋል።

ለሟቹ ማድረግ የምንችለውም አለ። ዕዳው ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈል። ዱዓ ይደረግለት፤ ሰደቃ ይሰጥለት። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናቱ በሌለበት ሞታ ሰደቃ ይጠቅማት እንደሆነ ነቢዩን ጠይቆ፣ አዎን ሲባል የፍሬ እርሻውን ሰጥቶላታል። ጎደሎው ቦታ ያስጨነቃት እናት በልጇ ስም ለአንድ ጾመኛ የኢፍጧር ምግብ ብትልክ ሐዘኗ የሚሄድበት መንገድ ያገኛል።

ሐዘኑ ለወራት እንቅልፍ የነሳው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ሕይወቱን ያስጠላው ሰው ካለ ደግሞ "ዱዓ አድርግ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት። መታከምም ሱና ነው፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። በዚህ የተነሳ ከታመመ ጾሙን አፍጥሮ በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ ዲናችን ፈቅዶለታል።

ያ ጎረቤቴ በመጨረሻ ወደ መስጂድ ተመለሰ። የተመለሰው ግን በደርሴ አይደለም። አንድ የረመዷን ምሽት ባለቤቴ የሠራችውን ሾርባ ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ አብረን አፈጠርን። ስለ ልጁ እንዲያወራኝ ጠየቅሁት፤ እያለቀሰ አወራኝ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ ተነስተን ለተራዊሕ ጎን ለጎን ቆምን።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ከማፍጠራችሁ በፊት በሰፈራችሁ የጎደለበትን ቤት አስቡ። ከማዕዳችሁ አንድ ሰሃን ቀንሳችሁ አንኳኩ። በዒድ ቀንም መጀመሪያ የምትዘይሩት ቤት እርሱ ይሁን።

አላህ (ሱ.ወ) ለሞቱብን ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ያዘኑትን ልብ በሶብር ይሙላ፤ እኛንም የማናቆስል አጽናኞች ያድርገን። አሚን።