የሞተር ኮምፒውተር ከመቀየራችን በፊት ምን እንጠይቅ?



በሞተር ሳይክል ጥገና ክፍል አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣል። ልጆቹ በስልካቸው የሞቶክሮስ ውድድር ያያሉ፤ ጋላቢው ከአፈር ጉብታ ላይ ተነስቶ ከነሞተሩ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይመጣል። «ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ ከተቀየረ ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል ይባላል። እውነት ነው? የትኛው ይሻላል?»

ጥያቄው ለእኛ ለካኩማ ሰዎች የቅንጦት ሊመስል ይችላል። በየመንገዳችን የሚያልፈው ቦዳ ቦዳ እንጂ የውድድር ሞተር አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት ምክንያት ስላለኝ በዚህ ዕትም ልመልሰው ፈለግሁ። አንደኛ፣ ካርቡሬተር ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ሥራው እየጠበበ ይሄዳል። ህንድ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ጠንካራ የጭስ ሕግ ካወጣች ወዲህ እዚያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሞተሮች ወደ ኢንጀክሽን ተቀይረዋል። የእኛ ቦዳ ቦዳዎች ደግሞ በብዛት ከህንድ የሚመጡ ናቸው። ሁለተኛ፣ የሞቶክሮስ ሞተር ኮምፒውተር ቀለል ያለ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል። እሱን የገባው ሰው ሌላውን ለመረዳት አይቸገርም።

ኮምፒውተሩ ምንድን ነው የሚሠራው?

በካርቡሬተር ጊዜ ቤንዚኑን የሚመጥነው ጄት የሚባለው ትንሽ ቀዳዳ ያለው ነሐስ ነበር። ቤንዚን ሲበዛ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን፣ ሲያንስ ሰፋ ያለውን ማስገባት ነው፤ በቃ። በ450 ሲሲ የሞቶክሮስ ሞተሮች ላይ ከጃፓን ፋብሪካዎች ሱዙኪ በ2008 ሞዴሉ ኢንጀክሽን አስገባ፣ ሆንዳና ካዋሳኪ በ2009፣ ያማሃ በ2010 ተከተሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በኢንጀክሽን ሞተር ላይ ቤንዚኑን የሚረጨው በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍንጫ ነው። ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ቅጽበት የሚወስነው እሱ ነው። ዋናው ሥራው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚወስነው? የማባዣ ሰንጠረዥ ታስታውሳላችሁ አይደል? ከላይ 7፣ ከጎን 8 ብላችሁ መስመሩ ሲገናኝ 56 ታገኛላችሁ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል የነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተከፈተ ይጻፋል። ሁለቱ ሲገናኙ «ይህን ያህል ቤንዚን ርጭ» የሚል ቁጥር አለ። ይህን ሰንጠረዥ ነው መካኒኮች «ማፕ» የሚሉት። ማስተካከል ማለት ደግሞ በሰንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች መለወጥ ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ፍጥነቱን ለመረዳት እስቲ እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ ወደ 167 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር አንዱን ሥራ የሚጨርሰው በሁለት ዙር ስለሆነ፣ ለሁሉም ነገር ያለው ጊዜ 12 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉልበት ከኮምፒውተር አይመጣም። ቤንዚን ብቻ በመጨመርም አይመጣም። ሞተሩ የሚስበው አየር ወሰን አለው፤ ቤንዚኑ ከዚያ አየር ጋር መመጣጠን አለበት።

በኬሚስትሪ ሒሳብ አንድ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ለከፍተኛ ጉልበት ግን ቤንዚኑን ትንሽ አብዝቶ ወደ 13 ለ 1 ማድረግ የተለመደ ነው። የ450 ሲሲ ሞተር በአንድ ሳብታ 0.45 ሊትር አየር ሙሉ በሙሉ ሳበ እንበል። አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ የገባው አየር 0.54 ግራም ነው። ለ13 ስናካፍለው ወደ 42 ሚሊግራም ቤንዚን ይሆናል። ከአንዲት ጠብታ ብዙ አይበልጥም!

አሁን ይህን ሞተር አዲስ አበባ እንውሰደው። ከተማዋ ከባህር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ሙቀቱ እኩል ነው ብለን ብናስብ የሚገባው አየር 0.4 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ቤንዚን ወደ 31 ሚሊግራም ይወርዳል። የድሮው 42 ሚሊግራም ሳይቀነስ ቢረጭ ግን ምጥኑ ከ10 ለ 1 በታች ይሆናል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። እዚህ ካኩማ 38 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከ15 ዲግሪው አየር 7 በመቶ ያህል ይሳሳል።

«ስለዚህ ደጋ ስንወጣ ማፕ እንቀይር?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። አብዛኞቹ የኢንጀክሽን ሞተሮች የአየር ግፊትና የአየር ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች ስላሏቸው ይህን ራሳቸው ያርሙታል። ለደጋ ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ ሞተሩ በነፃ የሚሠራለትን ነገር እየገዛ ነው። የቀነሰውን አየር ደግሞ የትኛውም ማፕ አይመልሰውም።

ታዲያ ማስተካከል የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ኮምፒውተሩ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ሲለወጥ ነው። ለመንገድ የተሠሩ ብዙ የኢንጀክሽን ሞተሮች ማርሚታው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አላቸው። የተቃጠለውን ጭስ እያሸተተ «ቤንዚን በዛ፣ ቤንዚን አነሰ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። አብዛኞቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም። ኮምፒውተሩ ሰንጠረዡን አምኖ ይረጫል እንጂ ውጤቱን ዞሮ አያይም።

አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ማርሚታ ከተገጠመ፣ የቫልቭ መክፈቻው ካም ወይም ፒስተኑ ከተለወጠ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ይለወጣል። ሰንጠረዡ ግን የፋብሪካው ነው። አየር በዝቶ ቤንዚን ካነሰ ቃጠሎው ይሞቃል፤ እየቆየ ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ጋላቢው ጉብታው ጫፍ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ለቅጽበት ከተደናቀፈ ነው። የፊት ጎማው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰውየው በአፍጢሙ ይተከላል። እዚህ ላይ የመካኒኩ ሥራ የሰው አጥንት የሚያተርፍ ሥራ ነው።

አራቱ ምርጫዎች

1. ፋብሪካው የሰጠው። መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ካዋሳኪና ሱዙኪ በየሞዴላቸው ማፕ የሚቀይሩ ትንንሽ የፕላስቲክ ሶኬቶች አብረው ሰጥተዋል፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ነው። ያማሃ ከ2018ቱ 450 ሞዴል ጀምሮ በስልክ ማስተካከል አስችሏል። መሪው ላይ ባለ ቁልፍ ማፕ የሚቀየርባቸውም አሉ። ለጀማሪ ጋላቢ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

2. መሃል የሚገባ ሳጥን። ፓወር ኮማንደር የሚባለው የታወቀ ምሳሌ ነው። በኮምፒውተሩና በቤንዚን መርጫው መሃል ይሰካል፤ የሚያልፈውን ትዕዛዝ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የፋብሪካው ኮምፒውተር አይነካም። ሲነቀል ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማርሚታ ብቻ ለቀየረ ሰው ተስማሚ ነው።

3. የፋብሪካውን ኮምፒውተር እንደገና መጻፍ። ሣጥኑ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ሰንጠረዥ ይለወጣል። የቤንዚኑም፣ የእሳቱም፣ የዙር ገደቡም ቁጥር ሊነካ ይችላል። ተጨማሪ ሽቦ የለውም። ችግሩ ሥራው እንደ ጻፈው ሰው ነው፤ ጎበዝ ከጻፈው ጎበዝ ነው። ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ሆኖ መለወጥም አይቻልም።

4. ሙሉ ኮምፒውተር መቀየር። የአውስትራሊያው ቮርቴክስና የጣሊያኑ ጌት በዚህ ይታወቃሉ። ቮርቴክስ አሥር ማፕ የሚመረጥበት መዞሪያ አለው። ብዙ ነፃነት ይሰጣል፤ ግን ከአራቱ ውዱ ነው። ካም፣ ፒስተንና ማርሚታ አንድ ላይ ለተለወጠ የውድድር ሞተር ይገባል። ምንም ላልተለወጠ ሞተር ግን ከፍተኛው ጉልበት ላይ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። የሚለወጠው ጉልበቱ የሚመጣበት መንገድ ነው፤ ለስላሳ ወይም ፈጣን ይሆናል። በሚያንሸራትት አፈር ላይ ደግሞ ለስላሳው ማፕ ከኃይለኛው ሊፈጥን ይችላል፣ ጎማው መሬቱን ስለሚይዝ።

ከመክፈል በፊት አምስት ጥያቄዎች

ሀ. ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይ? በእኛ አቧራ መጀመሪያ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት፣ የቤንዚን ፓምፑ ማጣሪያ፣ የመርጫው ንጽሕና፣ ባትሪና ሶኬት። የታመመ ሞተር በማፕ አይድንም፤ ሕመሙን መደበቅ ነው የሚሆነው።

ለ. ምን ተለውጧል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ምርጫ ቁጥር 1 ላይ ቁሙ።

ሐ. ምን ቤንዚን ይገባበታል? ማፑ ለውድድር ቤንዚን ተጽፎ ከሆነ እሳቱ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል። ማደያ የሚገኘው ተራ ቤንዚን ሲገባበት ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ፒስተኑም ይጎዳል።

መ. በምን ተለካ? ሞተሩን በሚመዝን ማሽን ላይ ጭሱን እየለኩ የተሠራ ማፕ አንድ ነገር ነው፤ በጆሮ ብቻ የተሠራ ሌላ ነገር ነው። «ድምፁ አማረ» መለኪያ አይደለም።

ሠ. ነገ ችግር ቢመጣ ማን ያግዛል? ማፑ ለዚያ ሞዴልና ለዚያ ዓመት የተጻፈ መሆን አለበት። የ450ው ለ250ው አይሆንም።

በእኛ ሰፈር

በቅርቡ አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ «ጉልበት የሚጨምር ቺፕ» ተብሎ የተሸጠለትን ዕቃ ይዞ ወደ ክፍላችን መጣ። የሁለት ወር ቁጠባውን ነው የከፈለበት። ከተማሪዎቹ ጋር ስንከፍተው ውስጡ ያለው አንዲት ሬዚስተርና ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር። ሥራዋ የአየር ሙቀት ሴንሰሩን ማታለል ነው። የሴንሰሩ ሬዚስታንስ ሲጨምር ኮምፒውተሩ «አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ወፍራም ነው» ብሎ ያምናል፤ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። የገባው አየር ግን ያው ነው። ስለዚህ የጨመረው የቤንዚን ወጪው እንጂ ጉልበቱ አልነበረም። ዕቃው ሲነቀልና የአየር ማጣሪያው ሲጸዳ ሞተሩ ከበፊቱ ተሻለ።

ያን ቀን ገንዘቡን ማስመለስ አልተቻለም። ተማሪዎቹ ግን ሬዚስተሯን በመለኪያ ለክተው፣ ለምን እንደማትሠራ ለሰውየው በሶማሊኛም በስዋሂሊም አስረዱት። ደንበኛ እንዲህ የሚያስረዳውን መካኒክ አይረሳም። ካምፕ ውስጥ ሆነ ናይሮቢ ወይም ካምፓላ፣ ወይም ዕጣ በወሰደን ሌላ አገር፣ ሰርተፊኬታችንን የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ዕውቀት አይቶ ሊያምን ይችላል።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሞተሩ ላይ ምን እንደተለወጠ እወቁ፣ ለኩ፣ ከዚያ ያንን ለውጥ የሚያሟላውን ትንሹን ዕቃ ምረጡ።

ለክፍል ውይይት

1. ናይሮቢ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል ወደ 82 በመቶ ነው። ከላይ ባለው ሒሳብ የ450 ሲሲ ሞተር በአንድ ሳብታ ስንት ሚሊግራም ቤንዚን ያስፈልገዋል?

2. ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ለአንድ ሙሉ ሥራ ስንት ሚሊ ሰከንድ አለው?

3. አንድ ደንበኛ ማርሚታ ብቻ ቀይሯል፤ ሌላው ምንም አልቀየረም፤ ሦስተኛው ካምና ፒስተን ቀይሯል። ለእያንዳንዳቸው ምን ትመክራላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን ለክፍል መምህራችሁ ስጡ። መልካም የትምህርት ጊዜ!