ለፋይዳ መሠረት የሆነው ሶፍትዌር በምን አኳኋን ተዘጋጅቶ ይወጣል

በፈረስ ቤት፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሚገኙ ክቡራን ነጋዴዎች ለባንክ ሒሳብ የሚጠየቁት የፋይዳ ቁጥር፣ ሞሲፕ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2018 በህንድ አገር በባንጋሎር የተጀመረ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንኛውም አገር በነጻ ክፍት ነው። ታዲያ ብዙ እጅ የሚነካው ሥራ እንደምን ሳይደባለቅ ይቀራል?

ኮዱ የሚጠበቀው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጊት በተባለ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ከለዋጩ ስምና ከቀኑ ጋር ይመዘገባል፤ እንደ ደኅና የሒሳብ መዝገብ፣ ስሕተት ቢገኝ የቀድሞው ሳይፋቅ ማረሚያው በአዲስ መስመር ይገባል። እትም ሊወጣ ሲቃረብ ከዋናው ኮድ አንድ ቅርንጫፍ ይለያል። ወደዚህም ቅርንጫፍ እርማት እንጂ አዲስ ሥራ አይገባም። ተፈትኖ ሲያበቃ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሞሲፕ 1.2.0 ከወጣ በኋላ ማረሚያው 1.2.0.1 ተብሎ ወጥቷል።

ቁጥር የተሰጠው እትም ከዚያ ወዲያ አይነካም። አንድ ቁጥር በሁለት ደረሰኝ ላይ ቢገኝ መርማሪው ምን እንደሚል ነጋዴው ያውቀዋል! በሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ቁጥር የተለያየ ኮድ ቢሠራም ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ አይቻልም። ለሱቁ ሶፍትዌር የሚያስገባ ነጋዴም የእትሙን ቁጥርና የለውጡን ዝርዝር አስቀድሞ ይጠይቅ።