በልጅ ልጄ እግር ልክ

ለንደን ያለችው ልጄ ዘንድ ለጥየቃ ሄጄ ነው። ስድስት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ አይመልስም። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የመድኃኒት ካርድ ነው፤ ከሕፃን ጋር አያጫውትም። እሱ ከታብሌቱ፣ እኔ ከጉልበት ሕመሜ ጋር እንውላለን።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ልጄ በባቡር ማኒንግትሪ ወሰደችን፤ ከለንደን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ስቱር የተባለውን ወንዝ ይዞ ሰፎክ አውራጃ ውስጥ ወዳለችው ፍላትፎርድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይኬዳል። ዳገት የለ፣ ገደል የለ፤ ለምለም ሜዳ፣ አኻያ ዛፍና ላም ብቻ።

መንገዱ በሰው ግጦሽ መሃል ያልፋል፣ ግን ማንም “ወዴት ነው?” አይልም። ቢጫ ቀስት የተለጠፈበት የእግር መንገድ ሕዝብ እንዲያልፍበት ሕግ የፈቀደው ነው። የእኛ ድርሻ የአጥሩን በር እንዳገኘነው መተው፣ ጥጃ ካላት ላም መራቅ ነው።

ልጄ “እማዬ፣ ባቡሩ ያመልጠናል” ትላለች። ልጁ በየአሥር እርምጃው ለቀንድ አውጣ ይቆማል። ጉልበቴ የወደደው ያንን ነው። ለበሽተኞቼ “እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ቀስ በሉ” ስል ኖሬ፣ ራሴ ግን በሩጫ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ድንገት ልጁ ጮኸ። ክንዱን ሳማ ለብልቦታል! እናቱ ቦርሳዋን ስታተረማምስ እኔ ከሥሩ ቱልት የመሰለ ሰፊ ቅጠል አየሁና አሸሁለት፤ በልጅነታችን እንደዚያ ነበር። እንደ ነርስ ከጠየቃችሁኝ፣ ማቃጠሉ ሲቆይ በራሱ ይበርዳል፤ ቅጠሉ ልጅ ማባበያ ሊሆን ይችላል። “ዶክ” አለ ልጁ። ለካ የእንግሊዝ ልጆችም ይኸንኑ ያሻሉ! “ቱልት” አልኩት። “ቱልት” አለ። ቀጥሎ “አያቴ፣ ይሄስ?” አለኝ፤ በአማርኛ። እስከ ፍላትፎርድ አላቆመም። ለግማሹ ስም አጥቼ “የፈረንጅ ሣር” እያልኩ አለፍኩ።

ፍላትፎርድ ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል በ1821 በሣለው የድርቆሹ ጋሪ ሥዕል ላይ የሚታየው ስፍራ ነው። ሥዕሉ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ተሰቅሏል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ቤት ዛሬም ውሃው ዳር ቆሟል። ልጁ ዳክዬዎቹን መረጠ።

ለጥየቃ የምትሄዱ አያቶች፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ አትርሱ፤ ሜዳው ከዝናብ በኋላ ጭቃ ነው።

ባቡሩ አመለጠን። ልጄ ተቆጣች። ልጁ ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አጠገባችን ላሉት ፈረንጅ አሮጊት ክንዱን እያሳየ “ሳማ ነው” አላቸው።