ጥቁሮቹ ቁልፎች ባቲን ያውቃሉ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከሚሴ መድረሱን ከምልክቱ በፊት የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ይነግረዋል። እዚህች ከተማ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። ኖታ ያነባል፤ ግራ እጁም ቀኙን መከተል ትቶ የራሱን ሥራ መሥራት ጀምሯል። አሁን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ቀጥሎ ምን ልያዝ?»

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የቤትሆቨን «ፉር ኤሊዘ» ነው። ስልክ ሳይቀር ስለሚጠራባት ሁሉም ያውቃታል። መጀመሪያዋ ቀላል ስለሆነ ልጁ በአጭር ጊዜ ይይዛትና እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጫወታታል። መሃሏ ላይ ቀኝ እጅ መሮጥ ሲጀምር ግን ነገሩ ይቀየራል። እዚያ የቆሙ፣ ዓመት ሙሉ ያቺኑ መግቢያ የሚደጋግሙ ልጆች አይቻለሁ።

ስለዚህ ከዝናው በፊት መሣሪያውን ማየት ይሻላል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። በየቤቱ የሚገኘው ኪቦርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ 61 ነው፤ አምስት ኦክታቭ ማለት ነው። ፔዳሉም ለብቻው ይገዛል። የሾፓን የኢ ማይነር ፕሬሉድ አጭርና ለጣት የማትከብድ ብትሆንም፣ ፔዳል ከሌለና ቁልፉ ሲጫኑት የማይጎላ፣ ሲያላሉት የማይቀንስ ከሆነ ወጥ እንደሌለው እንጀራ ትደርቃለች። የልጁ ጥፋት አይደለም፤ እሱ ግን የራሱ ይመስለዋል።

ለእንዲህ ያለው ልጅ እኔ የምመርጠው ባኽን ነው። ባለ ሁለት ድምፅ «ኢንቬንሽን» የሚባሉት ሥራዎቹ 15 ናቸው። የበኩር ወንድ ልጁን ቪልሄልም ፍሪደማንን ሲያስተምር ጀምሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1723 አስተካክሎ ጻፋቸው። በዘመኑ የነበሩት መሣሪያዎች አራት ኦክታቭ ያህል ብቻ ስለነበራቸው 61 ቁልፍ ይበቃቸዋል፤ ፔዳልም አይጠይቁም። የመጀመሪያዋን እንመልከት። ቀኝ እጅ አጭር ዜማ ያነሳል፤ የመጀመሪያው ባር ገና ሳይሞላ ግራ እጅ ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። መንዙማ ሲወርድ የሰማ ልጅ መሪና ተቀባይ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ ተቀባዩ መሪው እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ከመሣሪያው ቀጥሎ ጆሮው አለ፤ የወሎ ልጅ ደግሞ ጆሮው ባዶ አይደለም። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይንካ። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። ሦስት ሆነው ከተሰለፉት የመጀመሪያውን መነሻና ማረፊያ ቢያደርግ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይወጣለታል። ሁለት ሆነው ከተሰለፉት ሁለተኛውን ማረፊያ ቢያደርግ፣ ያለ አንዳች ለውጥ፣ እነዚያው አምስት ቁልፎች ባቲ ማይነር ይሆናሉ። የሰኞ ገበያዋ ስመ ጥር የሆነችው የባቲ ከተማ ደግሞ እዚያው ከሚሴ በምትመራው የኦሮሚያ ዞን ውስጥ ናት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ስም የያዙ ናቸው።

ይህን በጣቱ ያገኘ ልጅ ባርቶክ ባዕድ አይሆንበትም። ሀንጋሪያዊው ባርቶክ በየመንደሩ እየዞረ የገበሬ ዘፈን በፎኖግራፍ የቀዳ ሰው ነው። «ሚክሮኮስሞስ» የተባሉት 153 ሥራዎቹ በስድስት ቅጽ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ በሦስተኛው ቅጽ ያለችው ቁጥር 78 በአምስት ድምፅ ስኬል የተሠራች ናት። ለመካከለኛ ተማሪ ልኩ ናት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጭር ናት።

የአገራችን ሰዎችስ? ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ19 ዓመታቸው ዓለምን ትተው የገቡት ከደሴ ወዲያ፣ አምባሰል ውስጥ ባለው ግሸን ማርያም ነበር፤ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይተውበታል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ ከፒያኖ አልተለዩም። ሥራዎቻቸው ለጣት የሚከብዱ አይመስሉም፤ የሚከብደው ጊዜው ነው፣ እንደ ትንፋሽ ይሳባል፣ ያጥራል። ሜትሮኖም አይረዳም። ስለዚህ ኖታው ከመከፈቱ በፊት ቅጂው ደጋግሞ ይደመጥ። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነቱ ክራር ነበር የሚጫወተው፤ ፒያኖን ያወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። «አምባሰል» እና «እልልታ» የተሰኙት ሥራዎቹ ለዚህ ልጅ ጣት ገና ናቸው፤ ለጆሮው ግን ዛሬውኑ ይሆናሉ።

አዲስ ሥራ ሲመጣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ በዝግታ ይሞክር። በየመስመሩ ሦስት አራት ጊዜ ከቆመ ዘግቶ ለክረምት ያቆየው። ካልቆመ ደግሞ ግራ እጁን እየተጫወተ የቀኙን ዜማ በአፉ ያዚም። ይህ ለኢንቬንሽን የማውቀው ጥሩ ልምምድ ነው፤ መብራት በጠፋ ማታ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል።