ስለ እመጫት ጡት ሕመምና መግል

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለችው በአሰላ፥ በጠቅላላውም በአርሲ ደጋ፥ ብርዱ የጠና ነውና የእመጫት ጡት ባበጠ ጊዜ በብርድ ወይም በምች ማመካኘት ቀላል ነው። ነገር ግን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ወተት ሳይጠባ ሲከማች፥ ወይም በተሰነጠቀ የጡት ጫፍ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ሲገባ ነው። በተለይ ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንቶች ይበረታል።

በመጀመሪያ የጡቱ አንድ ወገን ይጠነክራል፥ ይግላል፥ ይቀላል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትም ይከተላል። መልኳ ጠይም በሆነች ሴት ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላልና ግለቱንና ሕመሙን መመልከት ይሻላል። ሕክምና ጀምራ በ2 ቀን ውስጥ ያልተሻላት እንደ ሆነ፥ ይልቁንም እብጠቱ ሲጫኑት የሚዋልል ከሆነ፥ መግል ቋጥሯል ተብሎ ይጠረጠራል። ጠልቆ የተቀመጠ መግል ግን በእጅ አይታወቅምና ሐኪሞች በአልትራሳውንድ ይመረምሩታል።

መግል ከቋጠረ በኋላ መድኃኒት መዋጥ ብቻውን አይበቃም፤ በመርፌ መቅዳት ወይም በስቶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ይህም የሐኪም እንጂ የቤት ምላጭ ሥራ አይደለም። በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሳለ፥ የቤቱ ጌታ «ያልፋል» እያለ ቀን ሊቈጥር አይገባውም። ችላ የተባለ መግል ፈንድቶ ወተት የሚያፈስ ቀዳዳ ይተዋል፤ ወደ ደምም ከገባ ነፍስ ያጠፋል።

ወተቱ ተበላሸ ብሎ ሕፃኑን ማስጣልም ስሕተት ነው፤ በደኅናው ጡት ይጠባል፥ የታመመውም ሊጠባ ባይችል ይታለባል፤ ያለዚያ ሕመሙ ይብሳል። ከሕክምና በኋላ ያልጠፋ፥ ወይም በማታጠባ ሴት የወጣ እብጠት ግን ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር አለበት።