ደስታ መሰል፦ የክትባቱ ዋጋና የመንገዱ ወጪ

በግና ፍየልን በጅምላ ከሚፈጁ በሽታዎች አንዱ ደስታ መሰል ነው። ስሙን የወሰደው ከከብቱ ደስታ ሲሆን፣ የሁለቱም ቫይረሶች የኩፍኝ ዘመዶች ናቸው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በሬውን ፈጅቶ አገር ያስራበ በሽታ ደስታ መባሉ ግርም ይላል። የከብቱ ደስታ ከምድር መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል፤ ደስታ መሰል ግን ዛሬም አለ። ሰውን አይዝም። ፍየልና በግን ግን በትኩሳት፣ በአፍ ቁስል፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ይጥላል፤ ከዚህ በፊት ያልነካው መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን ሊጨርስ ይችላል።

ጉዳቱ በሞተው እንስሳ ብቻ አይቆምም። ለገጠር ቤተሰብ ፍየል የቁጠባ ደብተር ናት፤ የማዳበሪያ ዕዳም ሆነ የሕክምና ወጪ ሲመጣ ትሸጣለች። በሽታው ተሰማ ሲባል ሁሉም ያለውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ዋጋ ይወርዳል፣ ጤነኛ የመሰለው እንስሳም ቫይረሱን ወደ ገዢው መንደር ይዞ ይሄዳል።

መከላከያው አለ፤ አንድ ጊዜ መከተብ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይጠብቃል። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከልም እዚያው ከተማ ይገኛል። ወጪው የሚከብደው ከቢሾፍቱ ወዲያ ነው። ደረቁ ክትባት እስኪበጠበጥ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተወጋ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ብዙ እንስሳ ስለሚከትብ፣ ባለሙያው በደረሰበት ቀን አርብቶ አደሩ ውኃ ፍለጋ ተነሥቶ ከሆነ በረዶው፣ ነዳጁና አበሉ ከክትባቱ ጋር አብረው ይባክናሉ።

መንጋ ደግሞ ባለበት አይቆይም። የተከተበው ለፋሲካና ለአረፋ ይታረዳል፣ በምትኩ ያልተከተበ ግልገል ይወለዳል። ግልገል ከእናቱ ያገኘው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 4 ወራት ክትባቱን ስለሚያከሽፍበት፣ ቀድሞ መውጋትም አይጠቅም። አንድ ዘመቻ ተደርጎ የሚቀር ከሆነ ውጤቱ በየዓመቱ ይሸረሸራል።

ክፍያውን ሙሉ በሙሉ በአርቢው ላይ መጣልም አያዋጣም። አንዱ ሲያስከትብ ጎረቤቱም ስለሚጠበቅ፣ እያንዳንዱ ሌላው እንዲከፍል ይጠብቃልና። በ2007 ዓ.ም. አቢጃን ላይ የተነደፈው ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ በሽታውን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ያለመ ነው። የቀረው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ የመንግሥት በጀት ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለበረዶና ለነዳጅ ነው።